ለሲጋር ነጥብ የሰጠንበት ጋራዥ

ለሞተ ሰው አምስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ከሞተ ሰው ደግሞ አንድ። አምስቱ ብዙም አያስጨንቁኝም፤ አንዱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ነገሩን በቅደም ተከተል ካላስረዳሁ ግን እኔም ራሴ እጠፋበታለሁና ከሲጋሩ ልጀምር።

አሰላ የተመደብኩት በሰባዎቹ ማብቂያ ላይ፣ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ነው። ክፍል የተከራየሁት ከአንድ ጡረተኛ መካኒክ ግቢ ውስጥ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የእርሻ ትራክተርና ኮምባይነር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከሁሩታ እስከ ሮቤ ባለው አገር እሳቸው ያልፈቱት ሞተር የለም ይባል ነበር። ከቁጥርና ከመለዋወጫ ዕቃ ኮድ በቀር ማንበብ አይችሉም። ከቤቱ ጀርባ የቆርቆሮ ጋራዥ ነበራቸው፤ ውስጡ ከትራክተር የተነቀለ ወንበር፣ የአንድ አሮጌ መኪና የኋላ መቀመጫና በጨርቅ የሚሸፈን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር። ቴሌቪዥኑን ከዋናው ቤት ያስወጡት ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። ልጃቸው ወታደር ነውና የጦርነት ወሬ መስማት አይችሉም። «ጸሎት በማደርግበት ቤት ጥይት አይተኮስም» ብለው ነበር።

አንቴናው በረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ጫፍ ላይ ታስሯል። ምስሉ ሲጠፋ እኔ ወጥቼ ምሰሶውን አዞራለሁ፣ ጋሼ ከውስጥ ያዝዛሉ።

«ወደ ጭላሎ አዙረው። አይ፣ አለፍክ። ትንሽ መልስ። በቃ፣ ተገኘ፤ እጅህን ግን እንዳታነሳ።»

«እጄን ካላነሳሁ በምን ላየው ነው ጋሼ?»

«አንተ ያዝ፣ እኔ እነግርሃለሁ።»

ጥሩ በሆነው ቀን እንኳ በስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ሰው ከጎኑ ሌላ ፈዛዛ ሰው ያስከትል ነበር። ይህ የሚሆነው ሞገዱ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ደግሞ ከተራራው ተንጸባርቆ ዘግየት ብሎ ስለሚደርስ ነው ብዬ በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ሥዬ አስረዳኋቸው። ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ታዲያ የዘገየው ሰውዬ የት ቆይቶ ነው?» አሉኝ።

«ተራራው ጋ ነዋ።»

«እሱማ ገባኝ። እዚያ ምን ሲሠራ ቆየ ነው የምልህ።»

ይህን ተማሪ ቢጠይቀኝ ቁጭ በል እለው ነበር።

ሣጥኑ የመጣው በግንቦት ነው። የጋሼ ልጅ እንደ አባቱ መካኒክ ነበር፤ የሚሠራው በምሥራቅ በኩል፣ ከኩባውያን ጋር ጎን ለጎን በሰፈረ የጦር ክፍል ውስጥ ነው። የአንድ ኩባዊ ሐኪም ጂፕ ጠግኖለት፣ ሐኪሙ በምስጋና ሃያ አምስት ሲጋር ያለበት የእንጨት ሣጥን ሰጠው። እሱ ደግሞ በመኪና በሚመጣ ሰው ለአባቱ ላከው። አብሮት የመጣውን ወረቀት ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፦ «አባባ፣ እርስዎ የሞተር ጭስ አይተው በሽታውን ያውቃሉ። ይህንንም ይሞክሩና ስለ እያንዳንዱ ይንገሩኝ። ሐኪሙ የአገራችን ሰው ምን እንደሚል መስማት ይፈልጋል።»

እኔ ከዚያ በፊት ሲጋራም አጭሼ አላውቅም። በእኛ ዘንድ ትንባሆ ከመናፍቅ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ይባላል፤ እትዬም ሣጥኑን ሲያዩ አማተቡ። «ያን ግንዳችሁን ይዛችሁ ከቤቴ ራቁልኝ» አሉ። ስለዚህ ሲጋሩም እንደ ቴሌቪዥኑ ጋራዥ ገባ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ አንዱን ሲጋር ለሁለት እየተቀባበልን እናጨስ ጀመር።

አሠራሩ ይህ ነው። ጋሼ የሲጋሩን ቆብ በምላጭ በስሱ ያነሱታል። ከዚያ አፋቸው ውስጥ ሳያስገቡ ጫፉን በክብሪት እያዞሩ ያሞቁታል፤ «ናፍጣ ሞተር ሳይሞቅ አይነሳም» ይላሉ። ጭሱ አይዋጥም፤ አፍ ውስጥ ተንከባሎ ይወጣል። ይህን ያወቅነው እኔ የመጀመሪያውን ውጬ ግድግዳ ተደግፌ ስስል ከቆየሁ በኋላ ነው። ጋሼ በሳቅ ዕንባቸው መጣ። «መምህር፣ ዘይትና ውኃ ደባልቀሃል» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ደብተር ከፈትኩ። ለአሳሳቡ ሃያ አምስት፣ ለአነዳደዱ ሃያ አምስት፣ ለአመዱ ሃያ አምስት፣ ለጣዕሙ ሃያ አምስት፤ ድምሩ ከመቶ። ሦስተኛው ሲጋር ሲጀምር የተቆላ ገብስ፣ መሐል ላይ አዲስ ኮርቻ፣ ወደ መጨረሻው ቁንዶ በርበሬ ይል ነበር፤ ሰባ ስምንት ሰጠሁት። አምስተኛው አልሳብ አለ። ጋሼ ጆሯቸው አጠገብ በጣቶቻቸው ጫን ጫን አድርገው አዳመጡትና «ማርሚታው ተዘግቷል» ብለው በብስክሌት ራጂ፣ በቀጭኗ የጎማ ሽቦ፣ ወጉት፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጭስ ማውጫ ሳበ። እኔ በራጂ የተረዳ ሙሉ ነጥብ አያገኝም ብዬ አሥር ቀነስኩ፤ እሳቸው ታክሞ የዳነ ሰው ከሌላው ያነሰ ነው ወይ ብለው ተከራከሩኝ። ስምንተኛው ከሁሉም በለጠ፤ ገና እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸት የጽድ ሽታ ነበረው፣ አመዱም ሦስት ዙር ቦክስ እስኪያልቅ ሳይወድቅ ቆየ።

ቦክሱ የጋሼ ነው። እኔ የኳስ ሰው ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር ሜዳ ወርጄ፣ ከዚያ ጋራዥ ገብቼ በቴሌቪዥን የሚመጣውን ሁሉ ባይ አልጠግብም። ጋሼ ግን «ሃያ ሁለት ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ሮጦ ዜሮ ለዜሮ? ይሄ ፍሪሲዮኑ ያለቀ መኪና ነው፤ ይጮኻል እንጂ አይሄድም» ይላሉ። ኩባዊ ቦክሰኛ ከቀረበ የሐኪሙ ወንድም ነው ብለው ይደግፉታል። ከስፖርቱ በፊት ዜናው ላይ ወታደሮች ሲሰለፉ ሲታዩ ግን ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው ስክሪኑ ሥር ይቆማሉ፤ ሰልፉ ሲያልፍ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

በማግሥቱ እሁድ ደብዳቤ እንጽፋለን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ነጥቡን በሠንጠረዥ አስገባለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ሁለት ጊዜ መልስ መጣ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ሐኪሙ የመምህሩን ነጥብ ሲሰማ ሳቀ። እኔን ካስተማሩኝ ሁሉ ይህ ሰው ስስታም ነው አለ። አባባ፣ እባክዎ ለስምንተኛው ዘጠና ያስሞሉልኝ።» ዘጠና አደረግነው።

በኅዳር የእድራችን ዳኛ አስጠሩኝ። ጽሕፈቴ ስለሚነበብ የእድሩ ጸሐፊ አድርገውኝ ነበርና ለስብሰባ መስሎኝ ደብተር ይዤ ሄድኩ። ከዳኛው ጋር ሐጂ ብቻ ተቀምጠዋል፤ ሐጂ ከሳጉሬ ገብስ እያመጡ የሚነግዱ፣ ከጋሼ ጋር በጉርብትና ያረጁ ሰው ናቸው። ዳኛው ከቀበሌ የመጣ ወረቀት አሳዩኝ። የጋሼ ልጅ ክፍል በመስከረም ወደ ሰሜን ተዛውሮ ነበር። ልጁ በዚያው በመስከረም ማብቂያ ላይ ሞቷል።

መርዶ በእኛ ዘንድ ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ አባትን የሚይዝ ከኋላው ይቆማል፤ እናትን የሚይዙ ሴቶች በር ላይ ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚነገረው። ትልቁ ነገር ሰውዬው ብቻውን እንዳይሰማው ነው። ብቻውን የሰማ ሰው ኀዘኑ አይወጣለትም ይባላል። አሁን ግን ሌላ ችግር ነበር። የጋሼ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት ገብታለች፣ ወሯም ደርሷል።

«በእርጉዝ ሴት ላይ መርዶ አይነገርም» አሉ ሐጂ። «ሁለት ነፍስ እንዳናጣ።»

«ትገላገል» አሉ ዳኛው። «የሕፃኑም ክርስትና ይለፍ። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። አንተ መምህር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ወትሮህ አብረሃቸው አምሽ። ሌላ ሰው እንዳይነግራቸው ጠብቅ። ፊትህን ደግሞ ጠብቅ።»

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጋሼ አሥራ ሦስተኛውን ሲጋር ለኮሱ። ሲጋሩ በአንድ ጎኑ ብቻ እየነደደ እንደ ዋሻ ሆነ። ተቀብዬ ስስብ አፌ ውስጥ ምንም ጣዕም አልነበረም፤ እኔ ግን ጽድ አልኩ፣ ገብስ አልኩ፣ ቁጥር ጻፍኩ። ዜናው ላይ ወታደሮች አለፉ። ጋሼ ተነስተው ስክሪኑ ሥር ቆሙ። ከትከሻቸው በላይ ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ከጎናቸው ፈዛዞቹ ይከተላሉ፤ እኔም ከዘገዩት መሐል አንዱን እንዳላውቀው ፈርቼ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። እሁድ ደብዳቤ ጻፍን። «ለምን አልጻፍክም? እናትህ ታስባለች በለው። እኔ አላሰብኩም በለው» አሉ። ጽፌ፣ አሽጌ፣ ወስጄ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት። አምስት ደብዳቤዎች እንዲህ ተጠራቀሙ፤ በቀናቸው ቅደም ተከተል ነው የደረደርኳቸው።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሴት ልጅ ተወለደች። ግቢው እልል ሲል ሐጂ በአጥር በኩል አዩኝ። ሰማንያ ቀን።

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ደብዳቤ የለም። ጋሼ ምግብ ቀነሱ። አሥራ ሰባተኛውን ሲጋር ስናጨስ ግማሽ ላይ እጃቸው ውስጥ ጠፋ፤ እንደጠፋም አላወቁም። ለእኔ ሳይሆን ለቴሌቪዥኑ የሚያወሩ ይመስል ፊታቸውን ሳያዞሩ «ሰኞ ሸገር እሄዳለሁ» አሉ። «የጦሩ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ። ስሙን ሲያዩ የት እንዳለ ይነግሩኛል።»

የሚሆነው ሁሉ ያኔ ዓይኔ ፊት መጣ። አንድ የማያውቃቸው ጸሐፊ በመስኮት መዝገብ ያያል፣ «ሞቷል፣ ቀጣይ» ይላል፤ እሳቸው ብቻቸውን አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ለዳኛው መንገር ነበረብኝ። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ነገር ግን ችግር ሲሰጡኝ መፍትሔውን ሳልሠራ ማደር አልችልም፣ በመፍትሔዬም እተማመናለሁ። እሁድ ጠዋት ባዶው መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ ወደ ግራ አዘንብዬ፣ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ከላይ የጥርን ቀን አሰፈርኩ። ቀን የሌለው ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ውስጥ አነበብኩላቸው። ዓርብ በትምህርት ቤቱ ፖስታ መጥቶ መሳቢያዬ ውስጥ ረስቼው ነው አልኩ። «አባባ፣ ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛ ነው የዘገየሁት። ሐኪሙ አሥራ ሦስተኛው በአንድ ጎን የነደደው ስለደረቀ ነው ይላል፤ ሣጥኑ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ያስቀምጡ። የቀሩትን ስምንቱን አቆዩልኝ፤ ስመጣ አብረን እናጨሳለን።» የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ስጀምር አላቀድኩትም ነበር። የልጁን ቋንቋ ስለለመድኩት ብዕሩ ራሱ የሄደ መሰለኝ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ጋሼ ተነስተው ጨርቅ አርጥበው ጨምቀው ሣጥኑ ውስጥ አኖሩ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለውኝ ወደ ቤት ገቡ። ልጃቸው ሕፃኗን እንዳቀፈች አነበበችው።

«ጽሕፈቱ የሱ አይደለም» አለች።

«በሰው አስጽፎ ነዋ» አሉ ጋሼ። «የመካኒክ እጅ መቼ ንጹሕ ሆኖ ያውቃል? ወረቀቱን ላለማቆሸሽ ነው።»

እሷ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሕፃኗን አየች። እትዬ በሩን ይዘው አለቀሱ፣ ሳቁ። ሰኞ የተባለው ጉዞ ቀረ። ጋሼ በላ በላ ማለት ጀመሩ፤ ደብዳቤውን በቱታቸው የደረት ኪስ ይዘው በየጎረቤቱ ዞሩ። ሰው ሁሉ ወሬውን እያወቀ «እሰይ፣ እሰይ» አላቸው። የሰፈሩ ሰው ግማሹ በስሕተት ሌላ ሰው ሞቷል ተብሎ ይሆን ብሎ ተጠራጠረ፤ ግማሹ ደብዳቤው በመስከረም ተጽፎ አሁን የደረሰ መሰለው። ቀኑን ያየ አልነበረም። እኔን የጠየቀኝም የለም። ቢጠይቁኝ የምናገረው ይመስለኛል። አላውቅም።

ክርስትናው በየካቲት ማብቂያ ሆነ፤ መጋቢት ሲገባ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጎሕ ሲቀድ ነው። እኔም እንደ ጸሐፊነቴ አብሬ ገባሁ። ሐጂ ከጋሼ ኋላ ቆሙ። ዳኛው ተናገሩ።

ከውጭ ሴቶቹ ጀመሩ። እትዬ መሬት ላይ ወደቁ። ጋሼ ብቻ አልተነቃነቁም።

«መቼ ነው ያላችሁኝ?» አሉ።

«በመስከረም፣ ወንድሜ። ማብቂያው ላይ።»

«እንግዲያስ ሌላ ሰው ነው» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም። ከደረት ኪሳቸው ወረቀቱን አወጡ። «ልጄ በጥር ጽፎልኛል። ቀኑ ይኸው፤ ቁጥር እኔም አነባለሁ።»

የተጀመረ ለቅሶ ሲቋረጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ውጭ አንዲት ሴት ሌሎቹን ዝም አሰኘች። እትዬ ከመሬት ቀና ብለው ባላቸውን አዩ፤ ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር መግለጽ አልፈልግም።

ዳኛው ወረቀቱን ተቀበሉ። የእድሩን ቃለ ጉባኤ ለሁለት ዓመት በእኔ ጽሕፈት ያነበቡ ሰው ናቸው፤ ማዘንበሌ አላታለላቸውም። አጥፈው ወደ እኔ ዘረጉት።

«መምህር፣ አንተ ንገራቸው» አሉ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። አንደኛ፣ ጋሼ ብቻቸውን ሸገር ሊሄዱ ነበር፤ ሁለተኛ፣ ልጅቱ አራስ ናት፤ ሦስተኛ —

«ይበቃል» አሉ ዳኛው።

ሐጂ የጋሼን ሁለት ትከሻ ያዙ። «ኦብሲ፣ ኦብሲ ወንድሜ፣ ቻለው» አሏቸው። ሊቻል የሚገባ ኀዘን ግን ጋሼ ፊት ላይ አልነበረም። እትዬ እንደገና ሲጮኹ የፊተኛው ጩኸት አልነበረም፤ ልጃቸው በአንድ ማለዳ ሁለት ጊዜ ነው የሞተባቸው። ጋሼ እኔን ትኩር ብለው ያዩኝ ነበር። እንደ ተቆጣ ሰው አይደለም፤ የማይነሳ ሞተር ፊት ቆመው ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ሲፈልጉ እንደሚያዩት።

ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ተቀመጠ፣ እትዬ ጥቁር ለበሱ። ጋሼ ድንኳኑ ውስጥ ለመጣው ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉ ነበር እንጂ አላለቀሱም። በሦስተኛው ቀን እትዬ ክፍሌ በር ላይ መጡ። «ጥቂት ሳምንት ልጄን በሕይወት አቆይተህልኛል፤ ስለዚህ አልረግምህም» አሉኝ። «እዚህ ግቢ ግን አትደር፤ ድምፅህን ስሰማ የሱን ደብዳቤ የምታነብ ይመስለኛል።» ትምህርት ቤቱ አጠገብ ክፍል ፈልጌ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ይጠሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከወር በኋላ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ዛሬ ቦክስ አለ» አሉ። ሄድኩ። ሲጋር አልተለኮሰም። ዜናው ላይ ወታደሮች ሲያልፉ እንደ ድሮው ተነስተው ስክሪኑ ሥር ቆሙ፤ ያኔ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ብቻቸውን ይሸከሙታል ብዬ የፈራሁትን ሞት እኔ ቀምቻቸዋለሁ። መስከረም ላይ የሞተ ልጅ አላቸው፤ በጥር ደግሞ ደህና ነኝ ያለ ሌላ ልጅ አላቸው። የመጀመሪያውን ቀብረውታል፣ ጊዜው ሲደርስም ሙት ዓመቱን አውጥተዋል። ሁለተኛውን ማንም ሊቀብርላቸው አልቻለም።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ወታደሮቹ በእግራቸው ወደየአገራቸው ይመለሱ ነበር። በከተማችን መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ አለፉ፤ ጫማ የሌለው አለ፣ በበትር የሚሄድ አለ፣ የደንብ ልብሱን በሸማ የለወጠ አለ። ሰው በየበሩ ውኃና ቂጣ ያቀብላቸዋል። ጋሼ ከአስፋልቱ ዳር ማልደው ይቆማሉ፣ እኔም ትምህርት ስለተቋረጠ አጠገባቸው እቆማለሁ። ልሂድ ብዬ አስቤ አላውቅም። ወታደሮቹ እየቀረቡ ሲመጡ ጋሼ ፊታቸውን ያያሉ፤ በዕድሜ የሚመስለው ካለ ያስቆሙታል።

«የየትኛው ክፍል ነህ ልጄ? መካኒክ ታውቅ ነበር?»

አላውቅም አባቴ፣ ይላቸዋል። ውኃውን ጠጥቶ ያልፋል።

በአራተኛው ቀን ሰልፉ ሲሳሳ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ማለዳ ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

«መምህር፣ ያን ደብዳቤ በእርግጥ አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ከላይ እስከ ታች?»

«ከላይ እስከ ታች።»

«ማንም ሳይነግርህ?»

«ማንም ሳይነግረኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሰሙኝ መሰለኝ። ከመታጠፊያው በኩል ሌሎች ወታደሮች አምስት ስድስት ሆነው ብቅ አሉ። ጋሼ የውኃውን ጆግ አንስተው፣ የእያንዳንዱን ፊት እያዩ፣ ሊቀበሏቸው ወደ መንገዱ ገቡ።